ወርቅ ያስራበው ንጉሥ

ልጆች የሚወዱትን ነገር ሁሉ ከንቱ ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ የብዙ ወላጆች ልማድ ነው። ይልቁንም በእጅ ተሥሎ የሚንቀሳቀሰው ፊልም፥ ዛፍ ሲዘፍን፥ አይጥ ሱሪ ታጥቆ ሲራመድ፥ ድመት እንደ ሰው ሲቈጣ የሚታይበት ስለ ሆነ፥ ልጆችን ለጥቂት ጊዜ ዝም ለማሰኘት ካልሆነ በቀር ለዐዋቂ የሚሆን ቁም ነገር የሌለበት ይመስላል። ዳሩ ግን አያቶች በምድጃ ዳር ይተርቱት የነበረው ተረትም እንዲሁ ነበረ፤ ጦጣና ቀበሮ ይነጋገሩበት ነበር እንጂ ነገሩ የተነገረው ስለ ሰው ነበር። ላዩ ሣቅ፥ ውስጡ ምክር የሆነ ነገር ልጅንና አባትን በአንድ ወንበር ላይ ያስቀምጣልና ሊናቅ አይገባውም።

በዚህ ወር ለቤተ ሰብ መወያያ እንዲሆን የመረጥነው እንዲህ ያለውን አንድ አጭር ፊልም ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ «ዘ ጎልደን ተች» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የነካውን ሁሉ ወርቅ የሚያደርግ እጅ» እንደ ማለት ነው። በአሜሪካ በዋልት ዲስኒ የሥዕል ፊልም ቤት ተሠርቶ በ1935 ለሕዝብ ታየ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) «ሲሊ ሲምፎኒ» በሚል ስም ከ1929 እስከ 1939 ከወጡት 75 ሙዚቃ ያላቸው አጫጭር ፊልሞች አንዱ ነው። ከእነዚሁ መካከል በ1932 የወጣው «አበቦችና ዛፎች» የሥዕል ፊልምን ሙሉ ቀለም አልብሶ ያሳየ ሲሆን፥ በ1933 የወጣው «ሦስቱ ትንንሽ አሳማዎች» ደግሞ ስሙ ባሕር ተሻግሮ የተሰማ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ ቀላል አይምሰለን። በሲኒማ መጋረጃ ላይ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 24 ምስል ያልፋል። ይህ ፊልም ዐሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ስለ ሆነ 14,400 ያህል ምስል በተመልካቹ ዐይን ፊት ያልፋል ማለት ነው። አንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ እየተነሣ ቢቈጠር ስንኳ፥ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሥዕል በሰው እጅ መሣልና ቀለም መቀባት ነበረበት። ልጅ በአንድ ትንፋሽ አይቶ የሚጨርሰው ሣቅ የብዙ ወራት ድካም ፍሬ መሆኑን ለልጆች መንገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ሚዳስ የሚባል ክብ ሆድ ያለው ንጉሥ በግምጃ ቤቱ ተቀምጦ ወርቁን ይቈጥራል፤ እየቈጠረም ያንጐራጕራል። ከአጠገቡ ድመቱ አለች እንጂ ሌላ ሰው የለም። በዚህ ጊዜ ጎልዲ የሚባል ትንሽ ድንክ፥ ሰው ያልሆነ የተረት ፍጥረት፥ በድንገት ከፊቱ ይቆማል። ኃይሉንም ለማሳየት ድመቲቱን ነክቶ ወርቅ ያደርጋታል፤ ወዲያውም ወደ ቀድሞዋ ይመልሳታል። ንጉሡ ይህን ባየ ጊዜ ምራቁ ይዝረከረካል፤ ያንኑ ኃይል ለእኔም ስጠኝ ብሎ ይለምናል። ድንኩም ይህ ስጦታ ርግማን ይሆንብሃል ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ንጉሡ ግን ምክር ሳይሆን ወርቅ ነው የምፈልገው ብሎ ይዘልፈዋል። እንግዲያውስ እንደ ወደድህ ይሁንልህ ተብሎ ይሰጠዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል የፊልሙ ውበት ነው። ንጉሡ ወደ አትክልት ቦታው ይሮጣል፤ ሆዱ እየተርገፈገፈ እንደ ሕፃን ይዘላል፤ ቅጠሉንም አበባውንም እየነካካ ያልፋል፤ ያለፈበት ሁሉ ቢጫ ሆኖ ያብረቀርቃል። ሕፃናት በዚህ ቦታ መሣቃቸው አይቀርም። አስተውሎ ለሚያይ ግን አንድ ነገር ይታያል፤ አረንጓዴው ጠፍቶ ሁሉ አንድ ቀለም ሲሆን የአትክልቱ ቦታ ያማረ መቃብር ይመስላል። ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅጠል፥ ንብ የምትጐበኘው አበባ የለም። ሠዓልያኑ ይህን በቃል አልተናገሩም፤ በቀለም ብቻ አሳዩት።

ሲደክመውና ሲርበው ንጉሡ ወደ ገበታው ይመለሳል። ገበታው ሙሉ ነው፤ ሊጐርሰው ያነሣው ሁሉ ግን በእጁ ላይ ወርቅ ይሆናል። ሊያታልለው ይሞክራል፤ አይሆንለትም። ያን ጊዜ የዓለም ባለ ጠጋ የተባለው ንጉሥ በረኃብ ልሞት ነው ብሎ ይደነግጣል፤ በመስተዋት ውስጥም ራሱን አፅም ሆኖ ያያል። ወደ ግምጃ ቤቱ ሮጦ ድንኩን ይጠራዋል፤ ግምጃዬንም መንግሥቴንም ውሰድ፥ ብቻ አንድ ሃምበርገር ስጠኝ ይለዋል። ሃምበርገር በዳቦ መካከል የሚደረግ የተፈጨ ሥጋ ጥብስ ነው። ድንኩም ቃሉን ተቀብሎ ሁሉን ይወስድበታል፤ ወርቁ ይጠፋል፥ ቤተ መንግሥቱ ይጠፋል፥ ልብሱ ሳይቀር ይጠፋል። ንጉሡ በውስጥ ልብሱ ብቻ ሜዳ ላይ ቀርቶ ዳቦውን ያገኛል፤ ፈራ ተባ እያለ በጣቱ ነካ ያደርገዋል፤ ወርቅ አልሆነም። ሽንኵርትም አለበት! ደስ ብሎት ይበላል፤ ፊልሙም በዚህ ያልቃል።

ይህ ሣቅ በዚያ ዘመን ለነበረው ተመልካች ምን ያህል ቅርብ እንደ ነበረ ለመረዳት ጊዜውን ማሰብ ያስፈልጋል። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት አሜሪካን ገና አልለቀቃትም ነበር፤ ሥራ ያጡ ሰዎች ለነጻ ዳቦና ለሾርባ የሚሰለፉበት ጊዜ ነበር። ደግሞም ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በኤፕሪል 1933 ባወጡት ትእዛዝ፥ ከጥቂት በቀር ሕዝቡ በእጁ ያለውን የወርቅ ገንዘብና ጥፍጥፍ ወርቅ ለባንክ እንዲያስረክብ ተገድዶ ነበር፤ ዋጋውም ለአንድ ትሮይ አውንስ 20 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነበረ። በጃንዋሪ 1934 መንግሥት ዋጋውን 35 ዶላር አደረገው። እንግዲህ ወርቁን አስረክቦ፥ የዕለት ዳቦውን እየቈጠረ ወደ ሲኒማ የገባ ሰው፥ ወርቅ ታቅፎ በረኃብ የሚጮኽ ንጉሥ ሲያይ እንዴት ሊሥቅ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በዚያ ጊዜ አንድ ትንሽ ሃምበርገር በ5 ሳንቲም የሚሸጥበት ቦታ ነበር። ንጉሡ መንግሥቱን የሸጠው በዚህ ዋጋ ነው።

ፊልሙ ይህን ታሪክ ከራሱ አልፈጠረውም። ተረቱ የጥንት ግሪኮች ነው፤ ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ስለ መለወጥ በጻፈው ትልቅ ግጥም ውስጥ ሰፊ አድርጎ ተርኮታል። በዚያ ግን ስጦታውን የሚሰጠው ድንክ ሳይሆን፥ ግሪኮች የወይን አምላክ ነው ይሉት የነበረው ዲዮኒሶስ ነው፤ ሮማውያን ባኮስ ይሉታል። የፊልሙ ሠሪዎች አምላኩን አስወጥተው ድንክ ስላስገቡ ታሪኩ ለሕፃናት ቀለለ፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ቁም ነገር ከአምላኩ ጋራ አብሮ ወጣ።

ይኸውም እንዲህ ነው። በግሪኩ ተረት የዲዮኒሶስ አሳዳጊ የነበረው ሽማግሌው ሲሌኖስ ሰክሮ መንገድ ይስታል፤ የፍርግያ ገበሬዎችም ይዘው ወደ ንጉሣቸው ወደ ሚዳስ ያመጡታል። ሚዳስም ማንነቱን ዐውቆ በክብር ይቀበለዋል፤ ዐሥር ቀን ሙሉ ግብር አብልቶና አጠጥቶ፥ በዐሥራ አንደኛው ቀን ለአምላኩ ይመልስለታል። አምላኩም ለዚህ ውለታ የምትሻውን ለምን ይለዋል። እንግዲህ ሚዳስ ስጦታውን ያገኘው እንግዳ ስላስተናገደ ነው። በማዕድ ያገኘውን ዕድል ግን ማዕድን በሚያጠፋ ልመና አበላሸው። የነካሁት ሁሉ ወርቅ ይሁን አለ። አምላኩ የተሻለ ሳይለምን በመቅረቱ አዘነ፤ ሆኖም ቃሉን አልለወጠም።

ሚዳስ የዛፍ ቅርንጫፍ፥ ድንጋይ፥ የእርሻ አፈር፥ የስንዴ ዛላ፥ ፖም እያለ እየነካ ደስ አለው። ከገበታ በተቀመጠ ጊዜ ግን እንጀራው ደነደነ፥ ሥጋው የወርቅ ቅጠል ሆነ፥ ወይኑም በጕሮሮው ቀልጦ እንደሚፈስ ወርቅ ሆነ። እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ በደሉን ተናዘዘ። አምላኩም ራራለት፤ በሰርዴስ አጠገብ ወዳለው ወንዝ ሂድ፥ ወደ ላይ ወደ ምንጩ ውጣ፥ ራስህንና ሰውነትህን ንከር አለው። እንዲህም አድርጎ ነጻ ወጣ፤ ኀይሉም ወደ ወንዙ ተላለፈ። ወንዙ ፓክቶሎስ ይባላል፤ አሸዋው በእውነት ወርቅ ይገኝበት ስለ ነበረ፥ ግሪኮች ይህ ወርቅ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ ተረቱን መልስ አድርገው ነበር። ሰርዴስ ማለት አንባብያን ከዮሐንስ ራእይ የሚያውቋት ከተማ ናት።

በዚህ ቦታ አንዳንድ ወላጆች የጣዖት አማልክት ስም በልጆቻችን ጆሮ ለምን ይግባ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አዲስ ግን አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ የግሪኮችን መጻሕፍት እንዴት ማንበብ እንደሚገባ ለወጣቶች ምክር ጽፎ ነበር፤ በዚያም ንብ ከአበባው የሚጠቅማትን ብቻ ወስዳ ሌላውን እንደምትተው፥ ወጣቶችም እንዲሁ እንዲያደርጉ መክሯል። ደግሞም የግሪክ አማልክት እነማን እንደ ነበሩ ለልጅ ማስረዳት ከባድ አይደለም። ሰዎች የራሳቸውን ቍጣ፥ ቅናትና ስካር አግንነው የሣሏቸው ናቸው። ስለዚህ ስለ እነርሱ የተነገረው ተረት ስለ ሰው ብዙ ያስተምራል። ከዚህኛው ተረት የምንወስደውም ማር ይህ ነው፤ ልመናው የተፈጸመለት ሁሉ ዕድለኛ አይደለም። ሚዳስን ማንም አላታለለውም፥ ማንም አልዘረፈውም፤ የጐዳው የለመነውን በሙሉ ማግኘቱ ነው።

ተረቱ ከዘመን ወደ ዘመን ሲሸጋገር አንድ ሌላ ለውጥም ደርሶበታል። በ19ኛው መቶ ዓመት አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሐውቶርን የግሪክን ተረቶች ለልጆች በሚስማማ መንገድ ሲጽፍ ለንጉሡ አንዲት ትንሽ ልጅ ሰጠው። ንጉሡ በርኅራኄ ሲስማት ልጅቱ የወርቅ ሐውልት ሆነች። በኦቪድ ግጥም ይህ የለም። ብዙ ሰዎች ግን ዛሬ የሚያስታውሱት ይህንኑ ነው፤ ረኃብ ሆድን ሲነካ፥ ይህ ልብን ይነካልና። እንግዲህ ሦስቱን አነጋገር ጐን ለጐን ብናኖራቸው፥ በመጀመሪያው ንጉሡ እንጀራን አጥቶ በንስሐ አገኘው፤ በሁለተኛው ልጁን አጥቶ በዕንባ አገኛት፤ በሦስተኛው፥ በፊልሙ፥ መንግሥቱን ሰጥቶ አንድ ዳቦ ገዛ።

ስለ ፊልሙ እውነቱን ለመናገር፥ ከጓደኞቹ ሁሉ የበለጠ አይደለም። ታሪኩም ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ዋልት ዲስኒ ለብዙ ዓመታት ዲሬክተርነቱን ለሌሎች ትቶ ነበር፤ ይህን ፊልም ግን ራሱ ለማዘጋጀት ተነሣ። ለሥዕሉም ከሠራተኞቹ ሁሉ የተመሰገኑትን ሁለቱን፥ ፍሬድ ሙርንና ኖርም ፈርጉሰንን መረጠ፤ ሁለቱም በ«ሦስቱ ትንንሽ አሳማዎች» ስማቸው የገነነ ነበር። ፊልሙ በወጣ ጊዜ ግን እንደ ታሰበው አልሆነም፤ ዋልት ዲስኒ ራሱም አልተደሰተበትም። ከዚያ ወዲህ የሥዕል ፊልም በዲሬክተርነት አላዘጋጀም፤ በ1937 የወጣውንና በዓለም የታወቀውን የ«ስኖው ኋይት» ረጅም ፊልም ሲያሠራ ስንኳ ዲሬክተርነቱን ለሌሎች ሰጠ። የነካው ሁሉ ወርቅ ይሆናል ተብሎ የሚነገርለት ሰው፥ ስለ ወርቅ እጅ በሠራው ፊልም ላይ እጁ ወርቅ አልሆነለትም። ከዚያ በኋላ ሌሎችን አሠልፎ ማሠራትን መምረጡ ግን የሚያስመሰግነው ነው።

ፊልሙ የጐደለው ምንድር ነው? በእኛ አስተያየት የጐደለው ሰው ነው። ንጉሡ ብቻውን ይቈጥራል፥ ብቻውን ይዘላል፥ ብቻውን ይራባል፤ በመጨረሻም ብቻውን ይበላል። እንግዳ አላስተናገደም፤ የሚያቅፋት ልጅም የለችውም። ስለዚህ ስናየው እንሥቃለን እንጂ አናዝንለትም። ዳሩ ግን ይህ ጕድለት ራሱ ሊጠቅመን ይችላል። ፊልሙ ሳያስበው እውነተኛ የሆነ የገንዘብ ወዳድ ሥዕል አሳይቶናልና። ገንዘብ ወዳድ ሰው ወርቅ ስለ ያዘ ብቻ አይደለም የሚጐዳው፤ ከማዕዱ ዙሪያ ሰው ስለሚጠፋበት ነው። ለሚዳስ እንጀራው ተመለሰለት፤ እንጀራውን የሚቈርስለትና የሚቈርስለት ሰው ግን አልተመለሰለትም።

አሁን ደግሞ ከተረቱ ወደ ታሪክ እንለፍ፤ ሚዳስ የተረት ሰው ብቻ አይደለምና። በ8ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩት የአሦር ጽሑፎች «ሚታ» የሚባል ንጉሥ ይጠቅሳሉ፤ ሊቃውንት ይህ የፍርግያው ሚዳስ ነው ይላሉ። ዘመኑም በትንቢተ ኢሳይያስ ስሙ የተጠራው የሳርጎን ዘመን ነው። የፍርግያ ዋና ከተማ ጎርዲዮን ስትሆን፥ ፍርስራሿ ዛሬ በቱርክ አገር ከአንካራ በስተ ደቡብ ምዕራብ ያሲሆዩክ በሚባል መንደር አጠገብ ይገኛል፤ በ2023ም ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

በዚያ 53 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፥ በሰው እጅ የተከመረ ታላቅ የአፈር ጉብታ አለ። በ1957 በሮድኒ ያንግ የሚመራ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከሥሩ ዋሻ ቈፍሮ ገባ፤ በውስጡም ከከባድ ግንድ የተሠራ የእንጨት ቤት አገኘ። በቤቱ ውስጥ ዕድሜው ስድሳ ዓመት ያለፈ ሰው አስከሬን ነበረ። በመጀመሪያ ሚዳስ ራሱ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር፤ በኋላ ግን የእንጨቱ ዕድሜ ሲመረመር መቃብሩ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ740 ዓመት ገደማ መሆኑ ስለ ታወቀ፥ የሚዳስ አባት ወይም ከእርሱ በፊት የነበረ ንጉሥ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። ይህ ከሆነ ቀብሩን ያስፈጸመው፥ ተዝካሩን ያወጣው ሚዳስ ነው ማለት ይሆናል።

ታዲያ በዚህ በወርቅ ስሙ በተጠራ ቤት መቃብር ውስጥ ምን ተገኘ? ወርቅ አልተገኘም። የተገኘው ከመቶ የሚበልጥ የነሐስ ጽዋ፥ ሦስት ታላላቅ የነሐስ ጋኖች፥ የአንበሳና የበግ ራስ ቅርጽ ያላቸው መቅጃዎችና ከእንጨት የተሠሩ ዘጠኝ ገበታዎች ናቸው። ዕቃዎቹም ባዶ አልነበሩም፤ በውስጣቸው የደረቀ የምግብና የመጠጥ ቅሪት ነበረባቸው። ፓትሪክ መክገቨርን የሚባሉ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ቅሪቱን በኬሚስትሪ መርምረው ውጤቱን በ1999 አሳወቁ። ምግቡ የበግ ወይም የፍየል ጥብስ ሥጋ ከምስር ጋራ በቅመም የተሠራ ወጥ ነበረ፤ መጠጡም የወይን፥ የገብስ ጠላና የማር ጠጅ ቅልቅል ነበረ። ምስርና ጠጅ ለአንባብያን እንግዳ አይደሉም፤ የፍርግያ ለቀስተኞችም ከሁለት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት በፊት በዚሁ ተጽናንተዋል።

ይህን ነገር ደጋግመን ብናስበው ይገባል። ተረቱ ሚዳስን በወርቅ መካከል በረኃብ ሲያሠቃየው፥ መቃብሩ ግን የሚዳስን ቤት ያለ ወርቅ በተሞላ ማዕድ ያሳየናል። የሚወዱትን ሰው ወደ አፈር ሲሸኙ የፍርግያ ሰዎች አብረውት ያኖሩት ሰው ከሰው ጋራ የሚበላበትንና የሚጠጣበትን ዕቃ ነበር። መቶ ጽዋ ለአንድ ሰው አይደለም፤ መቶ ጽዋ የመቶ ሰው እጅ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ሰው ያለውን ነገር እንደሚንቅ ለመንገር ነው፤ በጎርዲዮን ግን ነገሩ ተገላብጦ፥ ያ ተራ ነሐስ የብዙ ሰው ከንፈር ስለ ነካው ከወርቅ በልጦ ተገኘ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእኛ ቤት ምንድር ነው? የሚዳስ እጅ በየቤቱ ሊገባ ይችላል፤ የሚገባውም በወርቅ መልክ አይደለም። አባት ጊዜውን ሁሉ ወደ ገንዘብ ለመለወጥ ሲጣጣር፥ ከልጁ ጋራ የሚቀመጥባትን አንዲት ሰዓት ስንኳ ስንት ታወጣ ነበር ብሎ ሲያስባት፥ ያች ሰዓት በእጁ ላይ ደነደነች ማለት ነው። እናት እንግዳ ሲመጣ ደስታውን ትታ ወጪውን ብቻ ስትቈጥር፥ እንግድነቱ በእጇ ላይ ብረት ሆነ ማለት ነው። ልጅ የሚማረውን ነገር ሁሉ ምን ያስገኝልኛል በሚል ሚዛን ብቻ እንዲመዝን ሲለመድ፥ የዕውቀቱ አበባ ሽታ ያጣል። ሁሉም በየራሱ ሰዓት እየገባ፥ ከድስቱ እየቀዳ፥ በየጥጉ ብቻውን የሚበላበት ቤት ሀብታም ቢሆን ስንኳ የተራበ ቤት ነው።

ይህን ስንል ሥራንና ገንዘብን መናቃችን አይደለም። ለልጆቹ እንጀራ የሚያመጣ ሰው መድከሙ የተከበረ ነው፤ ከቤተ ሰቡ ርቆ በሰው አገር የሚደክመውም ሰው የሚደክመው ስለ ማዕዱ ነው። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገንዘብ ወደ ማዕድ የሚያደርስ መንገድ እንጂ የማዕዱ ምትክ አይደለም። መንገዱን ቤት ያደረገ ሰው ሜዳ ላይ ያድራል።

ፊልሙን ማግኘት ለቻለ ቤተ ሰብ አንድ ምክር እንለግሳለን። ልጆቹን ብቻቸውን አስቀምጣችሁ አትሂዱ፤ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነውና አብራችሁ ተመልከቱት፤ በሚያሥቀው ቦታ ሣቁ፤ ልጅ አባቱ ሲሥቅ ማየት ይወዳልና። አፅሙ በመስተዋት በሚታይበት ቦታ ትንንሾቹ ሊፈሩ ስለሚችሉ ቀረብ በሉላቸው። ሲያልቅም ወዲያው ምክር አትጀምሩ፤ በቅድሚያ ጠይቁአቸው። አንተ ብትሆን ምን ትለምን ነበር? ድንኩ ያስጠነቀቀው ለምን ነበር? ንጉሡስ ለምን አልሰማም? ትልልቆቹን ደግሞ የኦቪድን አነጋገርና የጎርዲዮንን መቃብር ተርካችሁላቸው፥ ከሦስቱ ንጉሦች የትኛው በእውነት እንደ ዳነ ይፍረዱ። ልጆች ያላሰባችሁትን መልስ ይሰጡአችኋል።

የመጨረሻው ጥያቄ ግን ይህ ይሁን፤ ንጉሡ ያችን ዳቦ ከማን ጋራ ሊበላት ይገባው ነበር? ልጁ መልሱን ሲፈልግ ገበታው ይቅረብ። ሚዳስ በእጁ ነክቶ ምግብን ወርቅ አደረገ፤ በእኛ ልማድ ግን እናት በእጇ ነክታ ለልጇ ታጐርሳለች፥ ታላቅ ለታናሹ፥ ባለቤት ለእንግዳው ያጐርሳል። ይህችም እጅ ትነካለች፤ የነካችው ግን ምግብነቱን አያጣም፤ ፍቅርንም ይጨምራል። ከወርቁ እጅና ከዚህች እጅ የትኛዋ ባለ ጠጋ እንደ ሆነች ልጆቻችን ገና በልጅነታቸው ለይተው ቢያውቁ፥ ካደጉ በኋላ ሚዳስ በዘገየ ጸጸት የተማረውን ሳይራቡ ይማሩታል።